ከበሮ በሰው እጅ ያምር

ልጆቼ፣ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት። የኤዌዎችን ከበሮና ጭፈራ በቡድን ለመማር ለተነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለኝም። ሌላው ሲመታው ስታዩ እጃችሁን ይበላችኋል፤ «ይሄማ ቀላል ነው» ትላላችሁ። መምቻው እጃችሁ ሲገባ ግን ቀኝና ግራ ይጣላሉ፣ እግርም አልታዘዝ ይላል። መደናገሩ ለማንም አይቀርም። ይህን ከመነሻው አምኖ የገባ ይማራል፤ የሚያፍርበት ግን ብዙም ሳይቆይ ለመቅረት ሰበብ ይፈልጋል።

አስቀድማችሁ ወደ ማን ቤት እንደምትገቡ እወቁ። ኤዌዎች በጋና ደቡብ ምሥራቅ፣ በደቡብ ቶጎና በቤኒን የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከእነሱ መካከል አንሎ የሚባሉት በኬታ ሐይቅና በውቅያኖሱ መካከል ባለው ምድር ሰፍረዋል። ሽማግሌዎቻቸው ሲያወሩ፣ የጥንት አባቶቻቸው ዛሬ ቶጎ ውስጥ ባለችው በኖትሲዬ፣ አጎኮሊ በሚባል ክፉ ንጉሥ ሥር፣ በወፍራም የጭቃ ግንብ ታጥረው ይኖሩ ነበር። ሴቶቹ ተመካከሩና የዕቃና የልብስ እጣቢውን ሁሉ ግንቡ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ መድፋት ጀመሩ። ጭቃው እየራሰ፣ እየላላ ሄደ። ቀኑ ሲደርስ ከበሮ ተመታ፣ ተጨፈረ። በዚያ ጩኸት ተከልለው ግንቡን ነድለው ወጡ። ዱካቸው ወደ ከተማው የገባ እንጂ የወጣ እንዳይመስልም የኋሊት እየተራመዱ ሄዱ። የአንሎ ሰዎች ይህን መውጣት በየዓመቱ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ገደማ፣ ሆግቤትሶትሶ በሚሉት በዓላቸው አንሎጋ ከተማ ላይ ይዘክሩታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እያንዳንዷ ሴት የነበራት አንድ ዕቃ እጣቢ ነው። ብቻውን ምንም ነው፤ ሳይሰለቹ አንድ ቦታ ላይ ሲደፉት ግን ግንብ ጣለ። ከበሯቸውም የሚቆመው በዚሁ ልብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ድርሻ ይሰጠዋል፤ ድርሻውን ሳይሰለች ይደጋግማታል። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

አሁን ማኅበሩን እዩ። ጋንኮጉዊ የሚሉት መንታ የብረት ደወል አለ፤ አንዱ አፉ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አሃትሴ በዶቃ መረብ የተሸፈነ ቅል ነው። ከበሮዎቹ ከትንሹ ሲጀምሩ ካጋኑ፣ ኪዲና ሶጎ ናቸው፤ ከሁሉ የሚረዝመው አትሲሜቩ ድጋፍ እንጨት ላይ ጋደም ብሎ ይቆምና መቺው ከጎኑ ቆሞ ይመታዋል። ማን እንደሚመራ የሚወስነው ጭፈራው ነው። አግባድዛ ላይ ሶጎ ይመራል፤ የጦር ጭፈራ በነበረው በአትሲያግቤኮ ደግሞ አትሲሜቩ። አዲስ ገቢ ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ወደ መሪው ነው። ምክሬም ከዚሁ ይጀምራል።

መምህሩ ደወሉን ሲያቀብላችሁ ቅር አይበላችሁ። በአግባድዛ አንዱ ዙር 12 እኩል ትርታ አለው፤ ደወሉ ከነዚህ መካከል 7ቱን ይመታል። ምቶቹ ሁሉ እኩል አይራራቁም፤ አምስት ቦታ ላይ ይርቃሉ፣ ሁለት ቦታ ላይ ይጠጋጋሉ። ጀማሪ የሚሰናከለው እነዚያ የተጠጋጉት ላይ ነው፤ ይቸኩላል። እሱ ሲቸኩል ቅሉ ይቸኩላል፣ ከበሮዎቹ ይከተላሉ፣ የጨፋሪው እግር መሬት ያጣል። ደወል የዚህ ቤት ምሰሶ ነው፤ ቤት የገባ እንግዳ ምንጣፉን እንጂ ምሰሶውን አያወድስም፣ ምሰሶው ሲያዘነብል ግን ከምንጣፉ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ ልቡ መሪው ከበሮ ላይ ተሰቅሎ ደወሉን የሚያንገዳግድ ሰው ሁለቱንም ያጣል። የደወሉን ሰባቱንም ምት ሳያዛንፍ፣ ጎረቤቱ ሲሳሳት ሳይሳሳት፣ መሪው ሲፈነጥዝ ሳይፈነጥዝ የሚይዝ ሰው መሪውንም የሚያስፈነጥዘው እሱ ነው።

ቅሉ ሲሰጣችሁም እንዲሁ ነው። አሃትሴን ሲመቱ ወደ ታች ጭን ላይ ያሳርፉታል፣ ወደ ላይ ደግሞ መዳፍ ያገኘዋል። ወደ ታች ሲወርድ ከደወሉ ጋር ይገጥማል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ደወሉ የተወውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ቅል የያዘ ሰው ደወሉን በጭኑ ይማረዋል። ይህን ያልተማረ ሰው ወደ ከበሮ ቢሄድ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሆንበታል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን ትንሹን ካጋኑን ነው። በሁለት ቀጫጭን ረጃጅም እንጨቶች ይመታል። በአግባድዛ የጨፋሪው እግር በየዙሩ 4 ጊዜ መሬት ይረግጣል። እግሩ ሲያርፍ ካጋኑ ዝም ይላል፤ ወዲያው ተከትሎ ሁለት ጊዜ ይመታል። እንደገና እግር ሲያርፍ እንደገና ዝም። ሰው ሁሉ በሚረግጥበት ቅጽበት እጃችሁን መያዝ አለባችሁ። ይህን መሞከር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሞከረ ያውቃል፤ እጅ ከእግሩ ጋር ልውደቅ ይላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚባለው እዚህ ላይ በእጅ ይዳሰሳል። ካጋኑ ዝም በሚልበት ቦታ ዝም ካላለ ጭፈራው ጩኸት ይሆናል። በቤትም፣ በዕድርም፣ በሸንጎም ያው ነው። የሚናገርበትን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዝም የሚልበትን የሚያውቅ ሲገኝ ነው ጉባኤ የሚያምረው።

ቀጥሎ ስለ ጆሮ ልንገራችሁ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል አገሬው። በቡድን ስትመቱ የራሳችሁን ስሕተት ከሁሉ በኋላ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ጆሮን ከራስ እጅ አንሥቶ ለደወሉ ማበደር ነው። ብዙ ሰው የራሱን ምት እያሳደደ ይጠፋል፤ ደወሉን እየሰማ የሚመታ ግን ቢስትም ተመልሶ ይገባል። ስትስቱ አታቋርጡ፣ ፊታችሁን አታጨፍግጉ፣ የጎረቤታችሁን እጅ እያያችሁ አትከተሉ፤ የእሱ ድርሻ ሌላ ነው። እጃችሁን አንሡ፣ አንድ ዙር አድምጡ፣ ከዚያ ግቡ። መምህሩም ከበሮውን አስቀድሞ በአፉ ያወራላችኋል፤ የኤዌ ከበሮ በቃል የሚነገር ነገር ስላለው። ወረቀት ለማውጣት፣ ስልክ ለመደገን አትቸኩሉ። ምቱን በአፋችሁ እያላችሁት መንገድ ሂዱ፣ ሽንኩርት ላጡ፣ አውቶቡስ ጠብቁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»ን አትርሱ።

ወደ ጭፈራው ስትሄዱ ደግሞ የእኛ ልጆች ልዩ ፈተና አለባችሁ። አግባድዛ ላይ ጨፋሪው ወገቡን ዘንበል፣ ጉልበቱን ለዘብ ያደርግና ክንዱን አጥፎ፣ የጀርባውን ብራኳ ሰብስቦ ይለቃል። ይህን ሲያይ እስክስታ ያደገበት ትከሻ «አውቀዋለሁ!» ብሎ ይዘላል። ተዉት። የእኛ ትከሻ ፈጥኖ ይንቀጠቀጣል፤ የእነሱ ከጀርባ ይነሣል፣ ከእግሩ ጋር ይመላለሳል፣ ትርታውንም ይጠብቃል። የራስን ዕውቀት ለጊዜው ደጅ አስቀምጦ መግባት ውርደት አይደለም። ስትወጡ እዚያው ታገኙታላችሁ፤ ማንም አይወስድባችሁም።

ከመካከላችሁ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ እኛ የራሳችን ከበሮ እያለን የሰው ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ተረቱ እውነት ነው፤ የሚያሳፍረው ግን የተዋሱትን የራስ አስመስሎ ማጌጥ ነው። ተውሼ ነው ብሎ የባለቤቱን ስም የሚጠራ አያፍርም። እ.ኤ.አ. በ1970 ስቲቭ ራይክ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ጋና ሄዶ ጊዴዮን አሎርዎዪ ከሚባሉ የኤዌ ከበሮ ሊቅ ተምሯል። በ1971 «ድራሚንግ» የተሰኘውን ረጅም ሥራውን ሲያጠናቅቅ የኤዌን ደወል አንሥቶ የራሱ አላስመሰለም። በቦንጎ፣ በማሪምባና በግሎከንሽፒል ሠራው። ከእነሱ የወሰደው ትንሽ ድርሻን በትንሽ ድርሻ ላይ የመደረብን ጥበብ ነው። ኤዌዎችም ቢሆኑ ንፉግ አይደሉም። ሊቃቸው ሲ ኬ ላድዜክፖ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የየአገሩን ልጅ አስተምረዋል። በጋናም ኮፔዪያ በምትባል መንደር ያለው የዳግቤ የባህል ማዕከል እንግዳን ተቀብሎ ያስተምራል። ደጁ ክፍት ነው።

ክፍት ደጅ ግን ጓዳ ድረስ ግቡ ማለት አይደለም። አግባድዛ ለቅሶ ላይም በዓል ላይም የሚመታ የሁሉ ጭፈራ ነው፤ ሰው ሁሉ ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ የአማልክት ማኅበር የሆነ፣ ላልገባበት ሰው የማይመታ ከበሮ አለ። መምህሩ «ይህን እዚህ አንመታም» ሲል ለምን ብላችሁ አትሟገቱ። የተፈቀደልንን አክብረን ስንይዝ ነው ያልተፈቀደው አንድ ቀን በራሱ ጊዜ የሚነገረን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ያ ስለ ኖትሲዬ የነገርኳችሁ በዓል ዋናው ቀን ሳይደርስ በፊት የእርቅ ሥርዓት ይካሄድበታል፤ የተጣሉ እንዲታረቁ፣ የተቋጠረው እንዲፈታ። ከበሮው የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። ብልሆች ናቸው። በቡድን ስትማሩ ቅሬታ አይጠፋም፤ አንዱ ያረፍዳል፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ከተራው በፊት ሶጎውን ይይዛል። ይህን በሆዳችሁ ይዛችሁ ክቡ ውስጥ አትግቡ። የተኮራረፉ ሰዎች ትርታቸው አይገጥምም፤ አንዱ ሌላውን ለመስማት ጆሮውን ከልቡ አይሰጥምና። ከመምቻው በፊት ይቅር ተባባሉ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው የተበጣጠሰውን ድር አይጨምርም።

ትጉ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ቀን መምህሩ ወደ መሪው ከበሮ ይጠራችኋል። ያን ቀን ደስ ይበላችሁ፤ ይገባችኋል። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት በያዛችሁት ደወል ማን እንደሚተካችሁ እዩ። አጠገባችሁ የሚንገዳገድ አዲስ ገቢ ካለ ሰባቱን ምት እስኪይዝ ድረስ አብራችሁት ቁጭ በሉ፣ እጁ ሲጸና ተነሡ። መሪ ሆናችሁ ስትቆሙ የምትደገፉት እሱን ነው። ደወሉን ሳያጸና የሄደ መሪ ከአንድ ዙር በላይ አይመራም።