የዋሻው ወጣቶችና የዲፓርትመንት ምርጫችሁ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

 አላህ ጁምዓችንን የተባረከ ያድርግልን።

ብዙዎቻችሁ ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል። ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ስትቀሩ አሥረኛው አንቀጽ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እዚያ ወጣቶች አሉ፤ ወጣቶች ብሎ የጠራቸው ቁርኣን ራሱ ነው። ለዲናቸው ሲሉ ከሕዝባቸው ተለይተው ወጥተዋል። ነገ ምን እንደሚገጥማቸው አያውቁም። ዋሻው ውስጥ ሲጠለሉ ጌታቸውን ሁለት ነገር ለመኑት፤ ከእርሱ ዘንድ የሆነ እዝነትን፣ እና ጉዳያቸውን ቀና አድርጎ እንዲያመቻችላቸው።

ዱዓቸውን ልብ ብላችሁታል? መጨረሻችንን አሳየን አላሉም። ምልክት ላክልንም አላሉም። የለመኑት መቅናትን ነው። የለመኑትም ቤታቸው ቁጭ ብለው ሳይሆን ተነስተው ከወጡ በኋላ ነው።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት በዚህ ሳምንት ኢንቦክስ ከገቡ መልእክቶች አንዱ ልቤን ስለነካው ነው። እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። የዲፓርትመንት ምርጫ ልንሞላ ቀናት ቀርተውናል። አባቴ ሕክምና ይለኛል፣ ጓደኞቼ ሶፍትዌር ይሉኛል፤ እኔ ግን ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ሦስት ሌሊት ኢስቲኻራ ሰገድኩ። ምንም ሕልም አላየሁም። አላህ የተቆጣኝ መሰለኝ።»

አብሽሪ እህቴ። እንደ እርሷ የተጨነቃችሁ ሁሉ አብሽሩ። ሕልም አለማየት የአላህ የቁጣ ምልክት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ምን እንደምትፈልጉ በእርግጠኝነት አለማወቃችሁም ወንጀል አይደለም። ሊያስፈራን የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ሕልም ስንጠብቅ ቀኑ አልፎ የጓደኛችንን ፎርም ገልብጠን ማስገባታችን፣ ከዚያም «ቀደር ነው» ማለታችን።

ስለ ኢስቲኻራ ቡኻሪ የዘገቡትን የጃቢርን (ረ.ዐ) ሐዲስ እንመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦችን የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሯቸው ሁሉ፣ በሁሉም ጉዳይ ላይ ኢስቲኻራ ማድረግን ያስተምሯቸው ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው አንድን ነገር ለማድረግ ካሰበ ሰው ነው። ይህ ሰው ልቡ ወደ አንድ ነገር አዘንብሏል። ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፣ ከዚያም ዱዓውን ያደርጋል፣ በዱዓው ውስጥም ጉዳዩን በስሙ ይጠራል። ፋርማሲ ከሆነ ፋርማሲ፣ አካውንቲንግ ከሆነ አካውንቲንግ። እስቲ ንገሩኝ፣ ምንም ያላሰባችሁትን ነገር በምን ስም ትጠሩታላችሁ?

የዱዓው ይዘትም ግልጽ ነው። ባሪያው አላህ እንደሚያውቅ፣ እርሱ ግን እንደማያውቅ ያምናል። ነገሩ ለዲኑ፣ ለኑሮውና ለመጨረሻው የሚበጀው ከሆነ እንዲወስንለት፣ እንዲያገራለትና እንዲባርክለት ይለምናል። መጥፎ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ከእርሱ፣ እርሱንም ከነገሩ እንዲያርቅ፣ ኸይሩን ባለበት ቦታ እንዲወስንለትና በዚያ እንዲያስወድደው ይለምናል። በዚህ ዱዓ ውስጥ ሕልም የሚባል ነገር የለም። ኑሮ ግን በስሙ ተጠቅሷል። ስለ ሥራና ስለ ገቢ መጨነቃችሁ ዱንያ መውደድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከዲን ቀጥሎ እንድንለምነው አስተምረውናል። (በወር አበባ ላይ ያለሽ እህቴ ሶላቱን ባትሰግጂም ዱዓውን ከማድረግ የሚከለክልሽ የለም።)

ስለዚህ ከኢስቲኻራ በፊት የኛ ድርሻ የሆነ ሥራ አለ። ምርጫውን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ማጥበብ ነው። ለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ምን እችላለሁ? «ምን እወዳለሁ» የሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችንን ያደክመናል፤ ያልቀመስነውን ነገር እንዴት እንወደው ዘንድ እናውቃለን? ይልቅ ያለፉትን ዓመታት መለስ ብላችሁ እዩ። ሲከብድም ሳታቋርጡ የተቀመጣችሁበት ትምህርት የትኛው ነበር? ጓደኞቻችሁ ምን አስረዱን ብለው ይመጡባችኋል? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብጽን ግምጃ ቤቶች እንዲይዙ ሲጠይቁ ያቀረቡት ሁለት ነገር ነበር፤ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን። ራሳቸውን ያውቁ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥልጣን ለጠየቃቸው ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) በዚህ በኩል ደካማ መሆናቸውንና ነገሩ አማና መሆኑን በግልጽ ነግረዋቸዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዘር በዚህ ምክንያት ክብራቸው አልቀነሰም። ከታላላቅ ሶሐቦች አንዱ ናቸው። «ይህ ለኔ አይሆንም» ማለት ውርደት አይደለም። ደም ማየት የማይችል ልጅ ሐኪም ባይሆን በሽተኞችም ተረፉ፣ እርሱም ተረፈ።

ሁለተኛ፦ በዚህ ሙያ ማን ይጠቀማል? ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። ግብርናን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትንም ጨምረዋል። ከሕዝቡ መካከል የሚሠራው ከጠፋ ሁሉም ይጠየቅበታል ማለት ነው። በዘመናቸው ሰዉ ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ መኖሩን አይተው ወቅሰዋል። ዛሬ እነሆ ሁላችንም ወደ ሁለትና ሦስት ዲፓርትመንት እንጎርፋለን። ግን ምጥ ላይ ያለች እናት ሴት አዋላጅ ትፈልጋለች። የገጠሩ ተማሪ ሒሳብ የሚያስረዳው መምህር ይፈልጋል። ገበሬው የሰብል በሽታ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ስም የሌላቸው የሚመስሏችሁ ዲፓርትመንቶች ኒያችሁ ካማረ የአጅር በሮች ናቸው።

ሦስተኛ፦ እንጀራዬ ሐላል ይሆናል? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ጭራሽ አለመጠየቅ ነው። ሌላው ደግሞ ሙያን ሁሉ ቶሎ ሐራም ማድረግ ነው። አካውንቲንግ የተማረ ሁሉ ወለድ ይጽፋል ማለት አይደለም። ድርጅቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ነጋዴዎች ሁሉ ሒሳብ አዋቂ ይፈልጋሉ። ዛሬ ደግሞ አገራችን ውስጥ ዘምዘምንና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ተከፍተዋል። እነዚህ ባንኮች ሳይታሰቡ በፊት አካውንቲንግ የተማሩ ሙስሊሞች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ማን ይሠራባቸው ነበር? ጥርጣሬ ካለባችሁ ዓሊም ጠይቁ። ከዓሊሙ በፊት ግን ሥራው ምን እንደሆነ በትክክል ዕወቁ፤ ሙፍቲው የሚፈርደው በምትነግሩት ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ኢስቲሻራ ይመጣል፤ ምክክር። ብዙዎቻችን የምንማከረው እንደኛው ከማያውቅ የዶርም ጓደኛችን ጋር ነው። እርሱ ደግሞ የሰማውን ይነግረናል። በሙያው ላይ ያለ ሰው ፈልጉ። በመስጂዳችሁ ሰፍ ውስጥ ነርስ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ። የካምፓሱ ጀመዓ ውስጥ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከሶላት በኋላ ሰላም ብላችሁ አሥር ደቂቃ ጠይቋቸው፦ ቀኑን ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ? ከሥራው ምኑ ያሰለቻችኋል? ሥራ ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ፈጀባችሁ? ሶላታችሁን በሰዓቱ ለመስገድ ይመቻችኋል? እንደገና ብትመርጡ ይህንኑ ትመርጡ ነበር? የአንድ ሰው መልስ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ።

ስለ ወላጆቻችንም አንድ ቃል። አባታችሁ «ዶክተር ሁን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፍርሃቱ ነው። እርሱ ያየውን ችግር ልጁ እንዳያይ ነው። በጭቅጭቅ አትመልሱለት። እጁን ስማችሁ ቁጭ በሉና ያጠናችሁትን ንገሩት፤ ማንን እንደጠየቃችሁ፣ ምን እንደነገሯችሁ፣ ውጤታችሁ የት እንደሚያደርሳችሁ። ልጁ አስቦበት የመጣ መሆኑን ሲያይ የብዙ አባት ልብ ይለዝባል። ካልለዘበም በአደብ ደጋግሙ፣ የሚያከብረውን ታላቅ ሰው አስልኩ፣ ዱዓ እንዲያደርግላችሁም ለምኑት። የወላጅ ዱዓ ይዞ የተሞላ ፎርም ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ወደ አንዱ ታዘነብላላችሁ፤ ስልሳ በመቶም ቢሆን በቂ ነው። አሁን ኢስቲኻራችሁን ስገዱ። ከዚያ ፎርሙን ሞልታችሁ ቀኑ ሳያልፍ አስገቡ። ከኢስቲኻራ በኋላ ልባችሁ ውስጥ ብርሃን ባይበራም አስገቡ። አላህ ለእናንተ የሚበጀውን ማግራት የሚጀምረው መንገዱን ስትጀምሩ ነው።

«መርጬ ባይደርሰኝስ?» ትሉኝ ይሆናል። ቦታው ውስን ነው፣ ምደባው በውጤት ነው፤ ብዙዎች የመጀመሪያ ምርጫቸውን አያገኙም። እዚህ ላይ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የበድር ዘመቻ ሲመጣ ዕድሜው ገና ስለነበር ከዘማቾቹ ጋር አልወጣም። ያ በር ለጊዜው ተዘጋበት። እርሱ ግን ቁርኣን መሐፈዙንና መጻፉን ያዘ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማርላቸው ሲያዙት በግማሽ ወር ገደማ ቻለው። የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። ዓመታት አለፉ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ሄዱ። በየማማ ጦርነት ብዙ ቃሪኦች ሲሞቱ አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣንን በአንድ ላይ እንዲሰበስብ የጠሩት ዘይድን ነበር። ወጣትነቱን፣ አስተዋይነቱንና የወሕይ ጸሐፊነቱን ጠቅሰው ነው የመረጡት። እርሱ ግን ተራራ ከቦታው ከማንሳት በላይ ከበደው። መጀመሪያ አመነታ፣ ተነጋገሩበት፣ በመጨረሻ አላህ ልቡን ከፈተለትና ሠራው።

እስቲ አስቡት። ያ ልጅ ብዕር ሲይዝ ለምን ታላቅ ሥራ እየተዘጋጀ እንደነበር ያውቅ ነበር? አያውቅም። በእጁ የነበረውን ሥራ አሳምሮ ሠራ፣ አላህም በጊዜው አደረሰው። እናንተም ያልጠበቃችሁት ዲፓርትመንት ከደረሳችሁ አንድ ሴሚስተር እያለቀሳችሁ አታሳልፉ። ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነና አጥንታችሁ ካመናችሁበት ለመቀየር አመልክቱ። ካልሆነ ግን የደረሳችሁን በኢሕሳን ተማሩት፤ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተናም ይጠብቃችኋል።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠቅመንን አጥብቀን እንድንፈልግ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍ አዘዋል። ያልወደድነው ሲገጥመን ደግሞ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን እንዳንብሰለሰል፣ ይህ ቃል ለሸይጧን በር እንደሚከፍት አስተምረውናል። በቅደም ተከተል እዩት፦ መጀመሪያ ጥረት፣ ከዚያ መታገዝ፣ በመጨረሻ መውደድ። አንዳንዶቻችን ጥረቱን ዘለን መውደዱ ላይ እንደርሳለን፤ ይህ ተወኩል አይደለም። ሌሎቻችን ደግሞ ጥረቱን ሁሉ ከጨረስን በኋላ መውደዱ ይቀረናል፤ ይህም ልብን ይበላል።

ሪዝቃችሁ በእናታችሁ ማኅፀን ሳላችሁ ተጽፏል። በሁለት ዲፓርትመንቶች መካከል ጠፍቶ አይቀርም። የቂያማ ቀን ስለ ዕድሜያችን፣ ስለ ወጣትነታችን፣ ስለ ገንዘባችን፣ በዕውቀታችንም ስለሠራንበት እንደምንጠየቅ በሐዲስ መጥቷል። ከጥያቄዎቹ መካከል የዲፓርትመንታችሁ ስም የለም። በተማራችሁት ምን ሠራችሁ የሚለው ግን አለ።

ወደ ዋሻው ወጣቶች ልመልሳችሁ። መቅናትን ለምነው ተኙ። እነርሱ ተኝተው ሳሉ ፀሐይ ከዋሻቸው ዘንበል ትል ነበር፣ አላህም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያገላብጣቸው ነበር። በማያውቁት መንገድ ጠበቃቸው። ፍለጋቸው መጠለያ ነበር፤ አላህ ግን ታሪካቸውን በየጁምዓው የሚቀራ አደረገው።

እህቴ፣ ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት አታሳልፊያት። ብዙ ዑለሞች ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት የጁምዓ ሰዓት ናት ይላሉ። ነገ ጠዋት ደግሞ አንዲት ሐኪም፣ አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ፈልገሽ ጠይቂ። ከዚያ ከአባትሽ ጋር ቁጭ በዪ። ከዚያ ስገጂና ፎርሙን ሙዪ።

ያ አላህ! ምን እንደሚበጀን አናውቅም፣ አንተ ግን ታውቃለህ። ለወጣቶቻችን ጉዳያቸውን አቅናላቸው። ለዲናቸው፣ ለኑሮአቸውና ለአኺራቸው የሚበጀውን አግራላቸው። ያራቅክባቸውን ከልባቸው አውጣላቸው፣ በሰጠሃቸው አብቃቃቸው። ዕውቀታቸውን ለኡማውና ለአገራቸው ጠቃሚ አድርገው። አሚን።

ወሶለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ ወዐላ ኣሊሂ ወሶሕቢሂ ወሰለም።

ምርጫ ሊሞላ የተዘጋጀ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ አድርሱላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።