መባውና ወንድሙ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ቍጥር 23 እና 24 መባ ይዞ ወደ መሠዊያው ስለ ቀረበ ሰው አስተምሮአል። ያ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ትዝ ቢለው፥ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ አዝዞአል። ልብ አድርጉ፤ የተቀየመው መባ የያዘው አይደለም፤ ወንድሙ ነው እንጂ። እግሩን አስቀድሞ ማንሣት የሚገባውም በዳዩ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ወንድሙን የሰደበ ሰው የተሰደበውን ፊት ያይ ነበርና ለጸጸት ቅርብ ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ተጽፎ የሚላክ ስድብ የተሰዳቢውን እንባ አያሳይም። ጸሓፊው በሰላም ተኝቶ ያድራል፤ በማግሥቱም ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይቆማል። (መሣሪያውን መንቀፋችን አይደለም፤ በዚሁ ስልክ ሕመምተኛ ይጠየቅበታልና።) ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ የወንድሙን ሥጋ በሐሜት ሲበላ የከረመ ሰው ጾሙ ምን ይረባዋል? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የገሠጸው እየጾሙ የሚጣሉትን ነውና።

በቅዳሴያችን ዲያቆኑ እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ እጅ እንድንነሣሣ ያዛል። እኛም በቀኝና በግራ ላለው ራሳችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ ከኋላችን የቆመውን የተጣላነውን ግን ዘወር ብለን አናየውም።

ዘኬዎስ በቃል ብቻ አልተጸጸተም፤ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ እንጂ። እንዲሁም በብዙዎች ፊት ስም ያጠፋ ሰው ጽሑፉን ይሰርዝ፤ እውነቱንም በዚያው ስፍራ ይጻፍ፤ ከዚያም ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሂድ። የንስሓ አባቶችም ጾምና ስግደት ከማዘዛቸው አስቀድሞ፥ ልጄ ሆይ ከማን ጋር ተጣልተሃል ብለው ቢጠይቁ እጅግ መልካም ነው።