የግብጦ ምሬት



በጎጃም ማሳ የሚበቅለው ግብጦ ለእኛ ትምህርት አለው። ተክሉ አልካሎይድ የሚባለውን መራራ ንጥረ ነገር በአረንጓዴ ቅጠሉ ይሠራል፤ ከዚያም ምግብ በሚመላለስበት መንገድ ወደ ግንዱና ወደ ፍሬው ይልከዋል። በግንዱ ላይ ከውጭው ቆዳ ዘንድ ያከማቸዋል፤ ተባይ አስቀድሞ የሚነክሰው እዚያ ነውና። ራሱን እንዳይጎዳውም በሕዋሱ ውስጥ በተለየ ከረጢት ይዘጋበታል። ይልቁንም ዘሩን በዚህ ምሬት አብዝቶ ይጠብቃል፤ የነገ ሕይወቱ በዘሩ ነውና።

እኛም ወጣቶች ክፉውን «እምቢ» የምንልበት ምሬት ያስፈልገናል። ያለዚያ በልባችን የተዘራውን ቃል መንገደኛ ወፍ ሁሉ ይለቅመዋል።

ዳሩ ግን እናቶቻችን ግብጦን እንዲሁ በጥሬው ለሰው አያቀርቡም፤ ይጎዳልና። ቆልተው ለቀናት በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ ምሬቱ ሲወጣለት ለእንግዳ ይቀርባል።

እንግዲህ ወድቆ የተነሣ ወንድማችን ወደ ጉባኤያችን ሲመለስ ምን እናቀርብለታለን? ጥሬ ምሬታችንን ነውን? ምሬት ዘርን ለመጠበቂያ እንጂ የተራበውን ለማብያ አልተሰጠም። ስለዚህ ለኃጢአት መራሮች እንሁን፤ ለተመለሰው ወንድማችን የምንናገረውን ቃል ግን አስቀድመን በትዕግሥትና በጸሎት እንዘፍዝፈው።

አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።