ገጭቶ ያመለጠ ከማን አመለጠ?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የእስልምና ወንድሞችና እህቶች! ኢማን ብዙ ቅርንጫፎች እንዳሉት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከነዚህ ቅርንጫፎች የመጨረሻው ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ነው። እሾህ ያነሳ፣ ድንጋይ ያነሳ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ያነሳ ሰው ምንዳ አለው። እንግዲህ ይህ ዝቅተኛው የኢማን ደረጃ ከሆነ በመኪናው ገጭቶ የጣለውን ሰው በደም እንደተነከረ አስፋልት ላይ ትቶ የሚፈተለክ ሰው የት ይመደባል? እሾህ ማንሳቱ ይቅርና የአደምን ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ ሄዷልና።

«ገጭቶ አመለጠ» የሚለው ወሬ ጆሮአችን የለመደው ወሬ ሆኗል። በራዲዮ እንሰማዋለን፣ በጋዜጣ እናነበዋለን፣ ከንፈራችንን መጥጠን ወደ ጉዳያችን እናልፋለን። ለመሆኑ ያመለጠው ከማን ነው? ከትራፊክ ፖሊስ ሊያመልጥ ይችላል። ከኢንሹራንስ መርማሪም ሊሰወር ይችላል። ከአላህ (ሱ.ወ.) ግን ወዴት ይሸሻል?

ስህተትና ሽሽት አንድ አይደሉም

ሸሪዓችን የሰውን ልጅ ድካም ያውቃል። ሰው ሳያስብ ሊያጠፋ፣ ሳይፈልግ ሊገድል ይችላል። ስለዚህም አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 ላይ በስህተት ነፍስ ያጠፋን ሰው እንደ ሆን ብሎ ገዳይ አልቆጠረውም። ሆኖም በባዶ እጁም አላሰናበተውም። ሁለት ዕዳ ጥሎበታል። አንዱ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈል ዲያ (የደም ካሳ) ሲሆን ቤተሰቡ በፈቃዱ ሊምረው ይችላል። ሌላው የአላህ ሐቅ የሆነው ከፋራ ነው። ይኸውም ባሪያ ነጻ ማውጣት ሲሆን፣ ይህን ያላገኘ ሁለት ተከታታይ ወር ይጾማል።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሟቹ ቃል ኪዳን ካለን ሕዝብ ወገን ቢሆንም ዲያውም ከፋራውም አልቀረም። እንደኛ ባለ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር በሚኖርበት ከተማ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የወደቀው ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ደሙ በከንቱ አይፈስም።

የሀገራችን ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል። በአንቀጽ 575 ደግሞ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻሉ ትቶ መሄድን ለብቻው ጥፋት አድርጎ ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚያሳየን አደጋውና ሽሽቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አደጋው የቅጽበት ስህተት ሊሆን ይችላል። ሽሽቱ ግን በስህተት አይደረግም። ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ ማርሽ ቀይሮ ነው የሚሄደው።

«ሰው ተሰብስቦ እንዳይደበድበኝ ፈርቼ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ስጋት ከንቱ ነው አልልም። አደጋ በደረሰ ቁጥር ሹፌር ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ጎረምሳ ሁሉ ለሚቀጥለው ሹፌር ሽሽትን እያስተማረው እንደሆነ ይወቅ። ማንም ሰው በገዛ እጁ ዳኛ መሆን አይፈቀድለትም። ሆኖም ለነፍሱ የፈራ ሹፌር የሚሄድበት ቦታ አለ፤ በአቅራቢያው ያለ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በ991 ለፖሊስ፣ በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ መደወልም ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ራሱን ያሳወቀና ጋራዥ ገብቶ የተሰበረ መብራቱን በድብቅ የሚያስቀይር ሰው አላህ ዘንድም ሰው ዘንድም እኩል አይደሉም።

ያየ ዓይን፣ የተዘጋ አፍ

አሁን በቅርብ ወደማውቀው ጉዳይ ልግባ። አጎቴ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አምና ኮልፌ ውስጥ የሱብሒን ሶላት በጀማዓ ሰግዶ ሲመለስ አስፋልት በማቋረጥ ላይ እንዳለ አንድ መኪና ገጨው። ጭኑ ተሰበረ። መኪናው ለአፍታ ቆም ካለ በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ተፈተለከ። አጎቴን ያነሱት ከመስጊድ የወጡ ምዕመናንና አንዲት ዳቦ ለመሸጥ የወጡ ክርስቲያን እናት ናቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው እግሩን ባያስሩለት ኖሮ የሚፈሰው ደም ይገድለው ነበር። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን አነሳ፤ መዝገብም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ግን በሄድን ቁጥር የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ታርጋውን ያየ ሰው አላችሁ?» የሚል። ያየ ሰውማ ነበር። የአንድ ግቢ ጥበቃ መኪናውን ከነመልኩ፣ ታርጋውንም በከፊል አይቷል። ለእኛ በጆሮአችን ነግሮናል። ለፖሊስ ንገር ስንለው ግን «ወንድሞቼ፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ፍርድ ቤት ስመላለስ እንጀራዬን ማን ይሰጠኛል?» አለን።

ይህን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም። ምስክርን በቀጠሮ ብዛት የሚያንገላታ አሠራር ምስክርን ያሸሻል። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ነግሮናል። ኃጢአቱን ከምላስ አልፎ ከልብ ጋር ማያያዙ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ለሙስሊም ወንድሙ መሆኑን፣ እንደማይበድለውና ለችግር አሳልፎ እንደማይሰጠው ተናግረዋል። አንድ ቁጥር መናገር ጥቂት ቀን ያስከፍል ይሆናል። ዝም ማለት ግን ለገጪው ሁለተኛ መሸሸጊያ መስጠት ነው። የአካባቢው ጀማዓስ ምን ያድርግ? ምስክሩን ብቻውን አይልቀቀው። ሥራ የሚያስፈታውን ቀን ይሸፍንለት፤ ፖሊስ ጣቢያም አብሮት ይሂድ። በመልካም ነገር መተባበር ማለት ይህ አይደለምን?

በሐሰት የሚመጣ ካሳ

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል አንድ ሰው ቤታችን መጣ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ያለው መኪና እንደሚያገኝልን፣ ሹፌሩም «እኔ ነኝ የገጨሁት» ብሎ እንደሚፈርም፣ ሁለት ምስክር እንደሚያዘጋጅና ገንዘቡን እንደምንካፈል ነገረን። «ማንም አይጎዳም፤ የሚከፍለው ኩባንያ ነው። ደግሞስ አጎታችሁ በእውነት ተገጭቷል አይደል?» አለ።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። የመድኃኒቱ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ሱቁ ተዘግቷል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። «ሐቃችንን ነው የምንወስደው» ያሉ አዋቂ ሰዎች ነበሩ። ክርክሩን የቋጨው የተኛው ሰው ራሱ ነው። አጎቴ «የማላውቀውን ሰው ገጨኝ ብዬ አላህ ፊት ምን እላለሁ?» አለ። ሰውየውም ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ውድ አንባብያን! ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከታላላቅ ኃጢአቶች ሲናገሩ ተደግፈው ነበር። ስለ ሐሰት ምስክርነት ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ሶሃቦች ዝም ባሉ ብለው እስኪመኙ ድረስም ደጋገሙት። በሌላ ሐዲስ ደግሞ በአንደበቱ ብርታት የሌላውን ሐቅ ለተፈረደለት ሰው የተሰጠው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። በነብዩ ፍርድ እንኳ ሐራሙ ሐላል ካልሆነ በኩባንያ ማኅተም እንዴት ሐላል ይሆናል? «የኩባንያ ገንዘብ የማንም አይደለም» የሚለውም ስህተት ነው። ያ ገንዘብ አረቦን የከፈሉ የብዙ ሰዎች ገንዘብ ነው። መበደል መብት ይሰጣል፤ ለመዋሸት ግን ፈቃድ አይሰጥም።

ሐላሉ መንገድ

የሐሰቱ መንገድ ብዙዎችን የሚያታልለው ሐላሉን መንገድ ባለማወቃቸው ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለመኪና ይህን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለውም ደንግጓል። ገጪው ካልታወቀ ወይም መኪናው መድን ከሌለው ደግሞ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱን ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ገጪው የጠፋበት ቤተሰብ በደሉ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃና የሕክምና ደረሰኞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ሳይጥል ይያዝ። እኛም በዚሁ መንገድ ሄድን። ወረቀት ማሟላቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም ከዚያ የገባው ሳንቲም ሁሉ ንጹሕ ነው።

አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። በሸሪዓ የነፍስ ዲያ መነሻው 100 ግመል ነው። ልዩነቱን አንባቢ ያስላው። ስለዚህ «ኢንሹራንስ ከፍሏል፤ ነገሩ አልቋል» የሚል ሹፌርና ባለንብረት ይጠንቀቅ። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ነፍስ ከጠፋ የሟቹን ቤተሰብ ፈልጎ ማግኘት፣ ይቅርታ መጠየቅና ስለ ቀሪው ሐቅ መነጋገር አለበት። ከፋራውንማ የትኛውም ኩባንያ አይጾምለትም።

ስለ ኢንሹራንስ ራሱም ጥያቄ የሚያነሱ ወንድሞች አሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ በትርፍ ላይ የተመሠረተው የንግድ ኢንሹራንስ እንደማይፈቀድ፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተው ግን እንደሚፈቀድ ወስኗል። የመረዳዳቱ ሥርም ሩቅ አይደለም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ከሁዘይል ጎሣ አንዲት ሴት ሌላዋን በድንጋይ መትታ በገደለቻት ጊዜ ዲያው በገዳይዋ ዘመዶች ላይ እንዲሆን ፈርደዋል። ሸክሙ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ወገን ይካፈለዋል። ሕግ ያስገደደውን የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ባለመኪናውን አያስወቅሰውም ያሉ ዑለሞች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ምርጫ ያለው ሰው ተካፉልን ይጠይቅ።

በመጨረሻ ይህ ጽሑፍ እጁ ከገባ፣ ያን ዕለት ማለዳ መብራቱን አጥፍቶ ለሄደው ሹፌርና ለመሰሎቹ የምለው አለኝ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኡመታቸው መካከል ከሳሪው ማን እንደሆነ ሲናገሩ ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ቂያማ ቀን የሚመጣውን፣ ነገር ግን ይህን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ፣ የሌላውን ደም ያፈሰሰውን ሰው ጠቅሰዋል። መልካም ሥራው ለተበደሉት ይከፋፈላል፤ ሲያልቅም የእነሱ ኃጢአት በእሱ ላይ ይጫናል። ወንድሜ ሆይ! ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ዛሬ ተመለስ። አጎቴ ዛሬም በምርኩዝ መስጊድ ይሄዳል። የገጨውን ሰው ስም አያውቅም፤ ነገር ግን ያ ሰው መጥቶ ቢያናግረው በሩን አይዘጋበትም። የሰው በር ክፍት ሳለ፣ የተውባም በር ክፍት ሳለ መሸሽ ምን ይሉታል?

አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ ሐቅን ከሚናገሩትና ሐቅን ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።