ልጁን ከጓዳ አውጡት

አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን የደበቃችሁ የቆሰበር ወላጆች፣ ስሙ! ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ሲወጣ ልጆቻችሁን አልብሳችሁ ታወጣላችሁ። አንዱ ላይ ግን በር ትዘጋላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገፋል፤ እግሩ ከአልጋው ጋር በገመድ የሚታሰርበት ቤትም አለ። «ስንት ልጅ አላችሁ?» ስትባሉ እሱን ዘላችሁ ትቆጥራላችሁ። ይህ ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም አትፈልጉለት።

ፈረሳችሁ ቢያነክስ በዚያው ቀን ሰኮናውን አንስታችሁ ታያላችሁ። ልጃችሁ አራት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ ግን «ይደርሳል» እያላችሁ ዓመት ትቆጥሩበታላችሁ። ጆሮው መግል ይዞ ይሆን? ዓይኑ ሰሌዳ አላይ ብሎት ይሆን? ማን አየው?

«እርግማን ነው» ለምትሉ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አለላችሁ። ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዕውርነት በእሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልመጣ ተናግሯል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የቀጠለው ነው፤ የልጃቸው ዓይን በርቶ ሳለ ወላጆቹ ሰው ፈርተው «እሱን ጠይቁት» ብለው ሸሹ። እናንተም የምትፈሩት እግዜርን አይደለም፣ ጎረቤትን ነው። ጸበል ውሰዱት፣ አልነቅፍም። ከጸበል መልስ ትምህርት ቤት አይሂድ ያላችሁ ግን ማን ነው?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የመማር መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን መምህር ያላየውን ልጅ አይለይም። ስለዚህ ምዝገባ ሲደርስ ይዛችሁት ሂዱና ርእሰ መምህሩን «ልጄ ይለይልኝ፣ ይመዘንልኝ» በሉ። በቃል ብቻ አይሁን፤ በማመልከቻም ይሁን። መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደቆመ፣ መቼ አፍ እንደፈታ፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው ጻፉ፤ የማትጽፉ አስጽፉ፤ ቅጂውን አስቀሩ። ዓይኑንና ጆሮውን ሐኪም አይቶት ወረቀቱ ይያያዝ። የልዩ ፍላጎት መምህር ከሌለ በክላስተሩ የድጋፍ መስጫ ማዕከል እንዳለ ጠይቁ። በአውንጊ ያደገ ልጅ በአማርኛ ብቻ ተጠይቆ «አይገባውም» እንዳይባል በአፍ መፍቻው ይጠየቅልኝ በሉ፤ ይህን አትርሱ፣ ቋንቋ ያጣ ልጅ አእምሮ ያጣ ይመስላል። ምዘናው እሱን ከበር ለመመለስ አይደለም፤ ለእሱ የሚስማማ የትምህርት ዕቅድ እንዲነደፍለት ነው።

«እንደዚህ ላለ ልጅ ቦታ የለንም» የምትሉ መምህራንም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ሲሰበሰብ የእነዚህን ልጆች ጉዳይ ስንቴ አነሳችሁ?

አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ፣ ቤተሰቧ ሻሸመኔ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልኳት የሕግ ባለሙያ ሆናለች። ጓዳ ቢያስቀሯት ማን ያውቃት ነበር? ሁሉም ልጅ ሕግ ይማራል አልልም። አንዱ እጁን መታጠብና የልብሱን ቁልፍ መቆለፍ ይማር ይሆናል፤ ለእሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለእናቱም እረፍት ነው።

ተመለሱ፣ ንስሐ ግቡ። ለንስሐ አባታችሁ ስትናዘዙ የደበቃችሁትን ልጅ በስሙ ጥሩት። ገመዱን ዛሬ ፍቱ፤ ማመልከቻውን ምዝገባ ሳይዘጋ አስገቡ። ርእሰ መምህሩ አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ እሱን ይዛችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቡ፣ ልጁንም አስከትላችሁ።