ማስረጃ አምጣ የሚባለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከፈረንሳይ ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ። የላከው መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው አሊያንስ የተባለው የአይሁዶች ማኅበር ነበር፤ ተልእኮውም ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ስለ ቤተ እስራኤል፣ የሚነገረውን በዓይኑ አይቶ እንዲመለስ ነው። ከመንደራቸው ሲደርስ ግን ሊመረምር የሄደው ሰው ራሱ ተመርማሪ ሆነ። «እኔም እንደ እናንተ ነኝ፤ እምነታችን አንድ ነው» ቢላቸው አላመኑትም። ነጭ እስራኤላዊ አይተውም ሰምተውም አያውቁም ነበርና። ሃሌቪ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ጥርጣሬያቸው የረገበው የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሳላቸው ነው።

ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት እንደ ማራኪ ገጠመኝ ሲደጋገም ይገኛል። ክብደቱ ግን ከዚያ ያልፋል። ለዚያች አጭር ጊዜ «አንተ ማነህ? በምን እናምንሃለን?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን በገበሬዎች፣ በቀጥቃጮችና በሸማኔዎች እጅ ነበር። አንድ መቶ ዓመት ከጥቂት ቆይቶ ያው ጥያቄ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ዞረ። ጠያቂዎቹ አሁን መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና የሃይማኖት ጽሕፈት ቤት ያላቸው ሰዎች ሆኑ።

ስለ ዘር፣ ስለ ጾታ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ብሔርተኝነት የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ማንነት ምን እንደሆነ፣ ከደም ይሁን ከታሪክ ወይስ ከእምነት እንደሚመነጭ ይመረምራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊቀድም የሚገባው ሌላ አለ፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ማን ነው? ሳይጠየቅ የሚታለፈውስ? የማኅበራዊ ሥልጣን መልክ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የቤተ እስራኤልን ታሪክ ያህል ይህን የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ከኢትዮጵያ እንጀምር። የ1955ቱ (በእኛ የ1948ቱ) የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሁለተኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ ከኢየሩሳሌሙ ንጉሥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ ደንግጓል። የአገር መሠረታዊ ሕግ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከእስራኤል ንጉሥ መወለድን የዙፋን ማዕረግ አድርጎ ጻፈው። ምስክር ይቅረብ ያለ የለም። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ በወገራና በደምቢያ መንደሮች «እኛ ቤተ እስራኤል ነን» ይሉ የነበሩ ሰዎች ግን ከተመሳሳይ ምድር መምጣታቸውን በመናገራቸው ያገኙት ክብር አልነበረም። ለንጉሡ ዘውድ የሆነው ነገር ለሸክላ ሠሪዋ መገለያ ሆነባት።

ትውፊቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም ብለው እንዳወጁ ይናገራል። ዝርዝሩ እንደ ተረከው ይሁንም አይሁን፣ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ርስት አልባ ሆነው በሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞችና በእጅ ሙያ የሚያድሩ ሰዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ካነጹት ግንበኞችና አናጢዎችም መካከል ነበሩ። ሴቶቹ ጀበናውን፣ ምጣዱንና እንስራውን ሠሩ። ጎረቤቶቻቸው ማረሻውንና ምጣዱን ገዝተው ሲያበቁ ሠሪዎቹን ቡዳ አሏቸው፤ ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ ብለው አሟቸው። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሐጋር ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አነጋግራ በ1999 ያሳተመችውን መጽሐፍ «የጅብ ሕዝቦች» ብላ የሰየመችው ይህንኑ ሐሜት ይዛ ነው። በእኛው ደጅ የተፈጸመ ነውና፣ በሌላ አገር የደረሰባቸውን ከመቁጠር በፊት ይህን ማስታወስ ግዴታ ነው።

በ1973 በእስራኤል ሴፋርዲም የሚባሉት አይሁዶች ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ዘሮች ናቸው ሲሉ ወሰኑ። የተደገፉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩት ራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ በሰጡት ብያኔ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የእስራኤል መንግሥት፣ አይሁዶች ወደ አገሩ ገብተው እንዲኖሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች እስራኤል ገቡ። በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች በረሃብና በበሽታ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። በግንቦት 1991 ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ አጓጓዘ።

የደረሱትን ግን ከደጃፉ ሌላ ጥያቄ ጠበቃቸው። የራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለማግባት የሚፈልግ ሁሉ ለጥርጣሬ ማስወገጃ ሲባል ውኃ ውስጥ ይጠመቅ አለ። ይህ ለቤተ እስራኤል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አባቶቻቸው ርስታቸውን የተነጠቁት አንጠመቅም ስላሉ ነው። ለዘመናት እምቢ ያሉት ነገር በመጨረሻው አገር፣ በወንድሞቻቸው እጅ ቀረበላቸው። በ1985 መኸር ወራት በኢየሩሳሌም ከዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ። በኦሪት ሲያጋቡ፣ ሲያስታርቁና ሲቀብሩ የኖሩት ቄሶቻቸውም በአዲሱ አገር የጋብቻ ሥልጣናቸውን አጡ፤ በ1953 የወጣ ሕግ የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለራቢዎች ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበርና።

እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ የበደል ዓይነት ለይታ አሳይታለች። ሰው በሚናገረው ነገር ሳይሆን በማንነቱ ምክንያት ቃሉ ሲቀልበት፣ የተበደለው በአዋቂነቱ ነው ትላለች። የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቹን በቃሉ ይቆጥራል፤ ቄሱ ኦሪትን በግእዝ ያነባል። ለጽሕፈት ቤቱ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ምስክርነት አልሆነም፤ ምስክር ሆኖ የተቆጠረው ግብፅ ተቀምጠው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የጻፉ ሰው ብያኔ ነው። ብያኔው ለቤተ እስራኤል የቆመ ስለሆነ መልካም ውጤት አስገኝቷል። ቢሆንም ስለ ራሳቸው ከራሳቸው በላይ የታመነው ሌላ ሰው መሆኑ አይቀየርም።

የታሪክ ምሁራኑም ከዚህ ክርክር ውጭ አልቀሩም። ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ኪሪን ሁለቱም በ1992 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የቤተ እስራኤል ማንነት በአብዛኛው የተቀረጸው እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በተደረገ ግጭትና ግንኙነት መሆኑን አስረዱ። እንደ ታሪክ ጥናት ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሕዝብ በታሪክ ውስጥ ተቀረጸ ማለት ሐሰተኛ ነው ማለት ሆኖ ሲደመጥ ነው። በታሪክ ውስጥ ያልተቀረጸ ሕዝብ የት አለ? የፖላንዱ፣ የሞሮኮውና የየመኑ አይሁድም በየአገሩ ጎረቤት፣ ግጭትና ልማድ ተቀርጿል፤ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ትረካም እንዲሁ ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሡ በኋላ ተደራጅቶ የተጻፈ ነው። ተመራማሪው ይህን ስለ ሁሉም ይናገራል፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን በር ላይ የቆመውን ነው። ቤት ውስጥ ያለውማ ጥናቱን አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። ለዚህም ነው የታሪክ ጥናት የመግቢያ ፈቃድ ሰጪ መደረግ የማይገባው። ለዚያ ሥራ አልተፈጠረም፤ ሲሠራውም ሚዛኑ ከወዲሁ ያዘነበለ ነው።

የቆዳ ቀለም ነገር ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። ሐጋር ሰሎሞን ያነጋገረቻቸው ሰዎች ኢትዮጵያ ሳሉ ራሳቸውን ቀይ ወይም ጠይም ይሉ ነበር፤ ጥቁር የሚባለው ባሪያው ነበር። ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ሁሉም በአንድ ሌሊት ጥቁር ሆኑ። ከሰውነታቸው የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የሚያያቸው ዓይን ነው። ዘር የተፈጥሮ ክፍልፋይ ሳይሆን ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት ሥርዓት ነው የሚለው የምሁራን ሐሳብ እዚህ ላይ ረቂቅ መሆኑ ይቀራል፤ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ገጠመኝ ይሆናል።

ከቀለም ወደ ደም የተሻገረው በ1996 ነው። በጃንዋሪ ወር ማሪቭ የተባለው ጋዜጣ የደም ባንኩ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱትን ደም በኤችአይቪ ስጋት በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ አጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ወጡ፤ ሰልፉ ከፖሊስ ጋር በከባድ ግጭት ተጠናቀቀ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ደምን መመርመር የሕክምና ግዴታ መሆኑን ማንም አይክድም። ቁስሉ ያለው በድብቁ ላይ ነው። ለጋሹ ተመስግኖ ተሸኘ፤ ስጦታው ከኋላው ተጣለ። ደግሞም ይህ የተፈጸመው በአንድ ሕዝብ ላይ፣ ደም የአንድነት ምልክት ተደርጎ በሚሰበክበት አገር ነው። በ2013 የኢትዮጵያ ተወላጇ የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በዚያው በፓርላማው ግቢ ደም ልትለግስ ሄዳ በደም ልገሳ መመሪያ ምክንያት አይሆንም ተባለች። በልጅነቷ በሙሴ ዘመቻ የመጣችው ይህች ሴት በ2020 የስደተኞች አቀባበል ሚኒስትር ሆናለች።

በሴቶች ላይ ጥያቄው ድርብ ነው። ኒራ ዩቫል ዴቪስ በ1997 ስለ ጾታና ብሔር በጻፈችው መጽሐፍ ሴቶች የብሔር ወሰን ጠባቂ ተደርገው እንደሚታዩ፣ የሕዝቡ ንጽሕና በእነርሱ አካል እንደሚለካ ታስረዳለች። በቤተ እስራኤል መንደር ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤት ወጥታ በመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ትለያለች። ሕዝቡ ከክርስቲያኑ ጎረቤት የሚለይበት ትልቁ ምልክት በእርሷ ላይ የተጫነ ነበር። በእስራኤል አፓርታማ ጎጆው ቀረ፤ አካሏ ግን የሌሎች ጉዳይ መሆኑ አልቀረም። በ2012 መጨረሻ የእስራኤል ቴሌቪዥን ባሰራጨው ምርመራ፣ ሴቶች በኢትዮጵያ መጠበቂያ ሰፈር ሳሉ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳያገኙና ጫና እየተደረገባቸው እንደወሰዱ ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ምንነቱን ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ መመሪያ ሰጡ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ያለ ፈቃድ ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ማስረጃ አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው? የሴቶቹ ቃል ከማስረጃ አልተቆጠረም ማለት ይሆናል። ፍሪከር የገለጸችው በደል እዚህም አለ።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ ተጠያቂውን ንጹሕ፣ ጠያቂውን ክፉ አድርጎ ማየት ይቀላል። እውነቱ ከዚያ ይከብዳል። በማኅበረሰቡ ውስጥ ጨዋና ባሪያ የሚለው ልዩነት እስራኤል ድረስ ተከትሏቸዋል፤ ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ፣ የባሪያ ዘር ነው የተባለ ልጅም በር ይዘጋበታል። በራቢው ፊት ማስረጃ አምጣ የተባለ አባት ማታ ቤቱ ገብቶ የልጁን እጮኛ ማስረጃ ይጠይቃል። የመጠየቅ ሥልጣን የአንድ ሕዝብ ጠባይ አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል። ወንበር ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ ይጠይቅበታል።

የእስራኤል የመመለስ ሕግ በ1970 ሲሻሻል ለአይሁድ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የትዳር አጋሮቻቸው ጭምር ተከፍቷል። በዚህ በር ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገቡ። ከእነርሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት በራቢዎች ሕግ አይሁድ አይደሉም፤ ለጋብቻ ሲመጡም ይቸገራሉ። ከአገር ግን አልተመለሱም። ያው ሕግ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠን አይሁድ ያስቀራል። ስለዚህ አያቶቻቸው ክርስትና የተነሱት፣ ፈላሽ ሙራ የሚባሉት፣ በሌላ በር እንዲያልፉ፣ ከገቡም በኋላ በመለወጥ ሥርዓት እንዲያልፉ ተደረገ፤ የ2003 የመንግሥት ውሳኔም በእናት በኩል የሚቆጠር ሐረግ እንዲያሳዩ ጠየቀ። አያቱ ርስት ፈልጎ ይሁን ተገዶ፣ በፈቃዱ ተጠመቀ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? በጎንደር ሰፈሮች ዓመታት የጠበቁ ቤተሰቦች መልስ ያላገኙለት ጥያቄ ይህ ነው። ግማሹ ቤተሰብ ተሻግሮ ግማሹ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

የገቡትንም ቢሆን ጥያቄው አልተዋቸውም። በ2018 አንድ በአይሁድ ሕግ የምግብን ንጽሕና የሚያጸድቅ አካል በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሠሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ወይኑን እንዳይነኩ ጠየቀ፤ አይሁድነታቸው አጠራጣሪ ነው ብሎ። የኦቫዲያ ዮሴፍ ልጅ፣ በወቅቱ ዋና ራቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ፣ ድርጊቱን ዘረኝነት ሲሉ አወገዙት። በ2019 መጨረሻ የዋናው ራቢዎች ምክር ቤት የአባትየውን የ1973 ውሳኔ በይፋ ተቀበለ። አርባ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ውሳኔው ብዙ ሰው ያስደሰተ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም የወይን ፋብሪካው ሠራተኞች ከውሳኔው በፊትም ሆነ በኋላ ያው ሰዎች ነበሩ። በጎንደር ለሚጠብቁትም ቢሆን አሁን የሚያስፈልጋቸው ሌላ ብያኔ አይደለም። መስፈርቱ ከኪየቭ ለሚመጣው ከሚቀርበው እኩል እንዲሆን፣ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎቻቸው የሚሰጡት ቃል በጽሑፍ እንዲመዘገብ፣ ያልተቀበላቸው ባለሥልጣንም ለምን እንዳልተቀበለ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነግራቸው ነው።