የማይመልስ ፎቶግራፍ

የሐሰት ምስል እውነተኛ ቁስልን ሊፈውስ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከፈላስፎች ጉባኤ ወጥቶ ሐኪም ቤት ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ባርባራ ሮትባምና ላሪ ሆጅስ በአትላንታ ከተማ ለቬትናም ዘማቾች የጦር ሜዳውን በኮምፒዩተር ሠርተው አቀረቡ፤ በ2000ዎቹም አልበርት ሪዞ በካሊፎርኒያ ከኢራቅ ለተመለሱ ወታደሮች ተመሳሳዩን አዘጋጀ። ሕመምተኛው ዓይኑን በሚሸፍን መነጽር ውስጥ ሲሸሸው የኖረውን መንገድ ያያል፣ ፍንዳታውን ይሰማል፣ የደረሰበትንም በራሱ አንደበት ይተርካል። ሐኪሙ አጠገቡ ሆኖ የሚያየውንና የሚሰማውን መጠን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ፍርሃት በሸሹት ቁጥር ይገዝፋል፤ በልክ ደጋግመው ሲጋፈጡት ግን ይለዝባል የሚል ሕክምና ነው።

ይህን ማታለል ለማለት ያስቸግራል። ወታደሩ ያለበትን ክፍል ያውቃል፤ ትዝታውም የራሱ ነው።

በፌብሩዋሪ 2020 በደቡብ ኮሪያ ኤምቢሲ ቴሌቪዥን የታየው ግን ሌላ ነው። በ2016 የሰባት ዓመት ልጇን በሕመም ያጣች እናት በዚያው ዓይነት መነጽር የልጇን አምሳል አየች፤ እጇን ዘርግታ ልትዳስሳት ሞከረች። አምሳሏም ተናገረች። እናቲቱ ዘወትር የተመኘችውን ሕልም ያየች ያህል እንደተሰማት ገልጻለች።

መጽናናቷን የምንነፍግበት መብት የለንም። ይሁንና ልጅቱ የተናገረችውን ቃል የጻፉት ሌሎች ናቸው። ሟች ደግሞ «እንዲህ አላልሁም» ብሎ መከራከር አይችልም።

ወላጆቻችንም ምስልን ከሐዘን አላራቁም። በለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ይወጣል፣ ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወርዳል። ፎቶግራፉ ግን አይመልስም፤ ዝምታው ራሱ ሞቱን ቀስ በቀስ ያስተምራል። ሐዘንተኛውም ብቻውን አይተውም።

በስደት የምንኖር ሰዎች ፈተናችን ይከብዳል። የእናቱን መርዶ በሰው አገር የተረዳ፣ አፈር ሳያለብሳት የቀረ ሰው፣ የሚናገር አምሳል ቢሸጥለት ለመግዛት ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ ያጣው ስንብት ነውና። ልንጠይቅለት የሚገባን ግን አለ፦ መነጽሩን ሲያወልቅ አጠገቡ ማን ይኖራል? ሐኪም ሕክምናው አንድ ቀን እንዲያበቃ ያቅዳል፤ ነጋዴ ደንበኛው እንዲመለስ ይመኛል። ስንብት የሚሰጠው ምስል መልካም ነው፤ ስንብትን በየወሩ እያራዘመ የሚሸጠው ግን ሐዘንተኛውን ከሟቹም ከሕያዋኑም ይነጥለዋል።